ማን ይወስን? ሕመምተኛና አስታማሚ በድሬ ዳዋ ታሪክ

በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ደቻቱ ወንዝ ዳር ደረሰ። ሐሳቡ ሐረር ድረስ መዝለቅ ነበር። ተራራውን መውጣት ግን ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆነና ጣቢያው ከተራራው ሥር ባለው ሞቃታማ ሜዳ ላይ ተተከለ። አዲስ ሐረር ተብሎ የተጀመረው ሰፈር ብዙም ሳይቆይ ድሬ ዳዋ ሆነ። ከተማዋ በቤተ መንግሥት ወይም በደብር ዙሪያ ሳይሆን በባቡር ጣቢያና በወርክሾፕ ዙሪያ የተሰባሰበች ናት። ስለዚህም ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ዓረቡ፣ ግሪኩና አርመኑ ኑሮውን የጀመረው ጎን ለጎን ነው። ይህ አወላለዷ በሕክምና ታሪኳ ላይም አሻራውን ጥሏል። ዘመድ በቅርብ የሌለው የባቡር ሠራተኛ ትኩሳት ሲጥለው ውሃ የሚያቀብለው ጎረቤቱ ነበር፤ ያ ጎረቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ነው።

ዘመናዊው ሕክምና ወደ ድሬ ዳዋ የመጣው ከሐዲዱ ጋር ነው ማለት ይቻላል። የባቡሩ ኩባንያ ሐኪም ያስፈለገው ሠራተኛ ከሥራ እንዳይቀርበት ነበር። ማን ይታከም፣ ማን ይተኛ፣ ማን ወደ ሥራው ይመለስ የሚለውን የሚቆርጠውም እሱው ነው። በዚህ ሐዲድ ታሪክ ውስጥ አንድ ሐኪም ጉልህ ስፍራ አላቸው። ከጓዴሎፕ ደሴት የመጡት ጥቁሩ ሐኪም ዶክተር ጆሴፍ ቪታሊየን በሐረር ራስ መኮንን ያቋቋሙትን ሆስፒታል የመሩ፣ ኋላም የዐፄ ምኒልክ ሐኪም የሆኑ ሰው ናቸው። ሐዲዱን ከድሬ ዳዋ ወደ አዲስ አበባ ለመቀጠል በጥር 1900 ዓ.ም. የተሰጠው ፈቃድ የወጣው በእሳቸው ስም ነበር። የሐኪም ቃል ቤተ መንግሥት ድረስ እንዲህ ይሰማ እንጂ፣ አልጋ ላይ የተኛው ሰው አሳቡን የሚናገርበት ወግ ገና አልተፈጠረም።

በሥጋ ደዌ ሕሙማን ላይ የደረሰው ከዚህ የባሰ ነበር። በ1893 ዓ.ም. ገደማ የፈረንሳይ ካፑቺን ሚስዮናውያን በሐረር ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ ከፈቱ። ቤተሰብ ያገለለውን ሰው ማብላትና ማልበስ ትልቅ ምሕረት ነው። ነገር ግን ሕመምተኛው ከቤቱ ይውጣ አይውጣ፣ ከልጆቹ ይለይ አይለይ፣ የት ይኑር የሚለው ሁሉ በሌሎች ያደረ ጉዳይ ነበር። የሥጋ ደዌ ታማሚ በማኅበር ተደራጅቶ ስለ ራሱ እስኪናገር ድረስ አንድ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ከዚያ የኅዳር በሽታ መጣ። ባቡሩ አዲስ አበባ ከገባ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አገሩን ሲመታ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመሙ። በመላ አገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ ሕዝቡን ያስታመመው ሕዝቡ ራሱ ነው። ውሃ የሚቀዳው፣ አጥሚት የሚያቀምሰው፣ ሬሳ የሚያወጣው ያልታመመው ወይም ቀድሞ ያገገመው ሰው ነበር። ዛሬም በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ተጠርጎ ሲቃጠል፣ ኅዳር ሲታጠን፣ በዓሉን የሚያከብረው ቤተሰብና ጎረቤት እንጂ ሆስፒታል አይደለም። በኔ ግምት ይህ በአገራችን የሕክምና ታሪክ ውስጥ ሊዘነጋ የማይገባው ነገር ነው። በሽታውን የተሸከመው ቤተሰብ ነበር፤ ስለ በሽታው የተጻፈው ሰነድ ሁሉ ግን የሚያወሳው ሹማምንቱንና ሐኪሞቹን ነው።

የጣሊያን ወረራ ዓመታት ነጭና ጥቁርን በመኖሪያም በአገልግሎትም የለየ ሥርዓት አመጡ። ከነጻነት በኋላ ሆስፒታሎች በየአውራጃው ተስፋፉ፤ ድሬ ዳዋም ከባቡር ኩባንያው ሕክምና ውጭ ሕዝቡ የሚታከምበት የመንግሥት ሆስፒታል አገኘች። ዛሬ ድል ጮራ የምንለው የከተማዋ ትልቁ የሕዝብ ሆስፒታል ከከተማዋም አልፎ ከምሥራቅ ሐረርጌና ከሶማሌ ወረዳዎች የሚመጣውን ሁሉ ይቀበላል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ አንቀጽ ይዞ መጣ። አንቀጽ 20 ማንኛውም ሰው ሕግ ካላስገደደው በቀር የሐኪም ምርመራንም ሆነ ቀዶ ሕክምናን በማናቸውም ጊዜ አልቀበልም ማለት እንደሚችል ደነገገ። በወረቀት ላይ ሲታይ ሕመምተኛው የሰውነቱ ባለቤት የሆነው ያን ጊዜ ነው። ነገር ግን ሕጉ የተጻፈለት ሰው ፊደል ያልቆጠረ፣ ከገጠር በአልጋ ተሸክመው ያመጡት፣ የሐኪሙን ቋንቋ የማይሰማ ሰው ነበር። ቀዶ ሕክምና ሲያስፈልገው የሚፈርመው ወይም አውራ ጣቱን የሚያስነካው ባል፣ ወንድም ወይም የሰፈር ሽማግሌ ነው። የሚፈርመውም ተጠይቆ ሳይሆን ታዝዞ ነው፦ "እዚህ ጋ ፈርም።" በድሬ ዳዋ ደግሞ በሐኪሙና በሕመምተኛው መካከል አስተርጓሚ ያስፈልጋል። አስተርጓሚው ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤት የገባው የአሥር ዓመት ልጅ ነው፤ አለዚያም አጠገቡ ተራ የሚጠብቅ ሌላ ታማሚ፣ አለዚያም ጽዳት ሠራተኛዋ። እናቱ ስለ ማኅፀኗ የምትናገረውን ለሐኪም የሚተረጉም ልጅ የሚሆነውን መገመት አያስቸግርም። ግማሹን ያፍርበታል፤ ግማሹን አይረዳውም። ውሳኔው ግን በዚያ ትርጉም ላይ ይቆማል።

በዚያው ዘመን ከሐረር ወደ ምሥራቅ፣ ቢሲዲሞ ላይ፣ ሌላ ነገር ተጀመረ። የፈረንሳዊውን ሐኪም የዶክተር ዣን ፌሮንን ሥራ የሰሙ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1957 በቩርዝቡርግ ከተማ የሥጋ ደዌ መርጃ ማኅበር መሠረቱ፤ በማግሥቱ ዓመትም የቢሲዲሞ ሆስፒታል ሥራ ጀመረ። በዙሪያው የሕሙማን መንደር አደገ። ታክሞ የዳነው ሰው ወደ ቀዬው መመለስ ስላልቻለ እዚያው አገባ፣ ወለደ፣ አረሰ። እነዚህ ሰዎች ሐኪም የማያውቀውን ያውቁ ነበር። የደነዘዘ እግር በምን ዓይነት ጫማ እንደሚቆስል፣ የታመመች ሴት ለምን ቀጠሮዋን እንደምትቀር፣ ከገበያ ማን እንደሚያባርራቸው የሚነግራቸው አልፈለጉም። የጠየቃቸው ግን ጥቂት ነበር።

አብዮቱ ፈነዳ። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ድሬ ዳዋ ደጃፍ ደርሶ ተመለሰ። ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ፣ እኛ ዘንድ 1970 ተሰናብቶ 1971 ሊገባ ሲል፣ በሶቪየት ኅብረቷ አልማ አታ ከተማ የዓለም መንግሥታት ስለ መሠረታዊ ጤና አጠባበቅ መከሩ። ከጳጉሜ 1 እስከ መስከረም 2 በተካሄደው ጉባኤ የወጣው መግለጫ ሰዎች የጤና አገልግሎታቸውን በማቀድና በመፈጸም በግልም በጋራም መሳተፍ መብታቸውም ግዴታቸውም መሆኑን አወጀ። ደርግም አሳቡን ተቀበለ። ቀበሌዎችና የገበሬ ማኅበራት የኅብረተሰብ ጤና ወኪሎችንና የልምድ አዋላጆችን መርጠው ለሥልጠና ላኩ። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ የሰፈር ሰው የሰፈሩን ጤና ጠባቂ መምረጡ አዲስ ነው። ይሁንና መግለጫው ካስቀመጣቸው ከሁለቱ፣ ከመብቱና ከግዴታው፣ የበዛው ግዴታው ነበር። ተሳትፎ ማለት ጉድጓድ መቆፈር፣ መዋጮ ማዋጣት፣ ለዘመቻ መውጣት ሆነ። ዕቅዱ ተጠናቆ የሚወርደው ከላይ ነው።

ከዚያ ዘመን ስደት ጋር የተያያዘ አንድ ጽሑፍ እዚህ ላይ ማንሣት እወዳለሁ። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ይሠሩ የነበሩት ኢትዮጵያዊት የሕክምና አንትሮፖሎጂ ምሁር የውብዳር በየነ እ.ኤ.አ. በ1992 ስለ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ያሳተሙት ጥናት የአሜሪካ ሐኪሞችን ያስገረመ ነገር ነበረው። በአሜሪካ ሕግና ልማድ ሐኪም የከበደ ምርመራ ውጤትን በቀጥታ ለታማሚው ይነግራል። ኢትዮጵያውያኑ ግን ይህን እንደ ጭካኔ አዩት። በእነሱ ዘንድ ክፉ ወሬ አስቀድሞ የሚነገረው ለቅርብ ዘመድ ነው፤ ዘመድ ጊዜና ቦታ መርጦ፣ ሰው አሰባስቦ ያረዳዋል። ድሬ ዳዋ ውስጥ ሰው ያስታመመ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ጥናቱ ያነሣው ጥያቄ እስካሁን ይከነክነኛል። ቤተሰብ ታማሚውን ከድንጋጤ ሲከልለው ከውሳኔውም ያገልለዋልና። ውጤቱን ሁሉም ሰምቶት እሱ ብቻ ያልሰማ አባት ስለ ቀሪ ዘመኑ እንዴት ይወስናል? ሁለቱ መብቶች፣ የታማሚው የማወቅ መብትና የቤተሰቡ የመንከባከብ ወግ፣ እዚህ ላይ ይጋጫሉ፤ ሕግ ብቻውን አያስታርቃቸውም።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ቃላቱ ተለወጡ። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የጤና ፖሊሲ ስለ ዴሞክራሲያዊና ያልተማከለ የጤና ሥርዓት ተናገረ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 43 ዜጎች የሚነካቸውን ፖሊሲ በተመለከተ አስተያየታቸው የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1996 የሥጋ ደዌ ተጠቂዎች አገር አቀፍ ማኅበራቸውን አቋቋሙ። እንግዲህ እነዚያ ዝም ተብለው የኖሩ ሰዎች በራሳቸው መሪዎች አማካይነት ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ፊት መቆም ጀመሩ ማለት ነው። በሩን ወለል አድርጎ የከፈተው ግን ሌላ በሽታ ነው።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት በ1978 ዓ.ም. ነው። ድሬ ዳዋ ሾፌሩ፣ ነጋዴው፣ ወታደሩና ተጓዡ የሚያርፍባት የጅቡቲ መስመር ከተማ ናትና በሽታው በረታባት። ኋላ እ.ኤ.አ. በ2011 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንኳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው የድሬ ዳዋ ነዋሪዎች 4 በመቶ ያህሉ ቫይረሱ በደማቸው እንደሚገኝ አሳይቷል፤ አገር አቀፉ ቁጥር ያን ጊዜ 1.5 በመቶ ነበር። መድኃኒት ባልነበረበት በዘጠናዎቹ መጀመሪያ አስታማሚ የሚሸከመው ሁለት ነገር ነው፦ በሽታውንና ምሥጢሩን። "ሳንባ ነው"፣ "ጨጓራ ነው"፣ "ወባ ነው" ይባላል። በጓዳ የተኛች እኅት፣ ከኋላ ክፍል የማይወጣ ወንድም በየቤቱ ነበር። ሆስፒታሉም ቶሎ ወደ ቤት ይመልሳቸዋል፤ የሚሰጠው ነገር የለውማ። ውጤቱ ለማን ይነገር የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሆነ። ለባል ቀድሞ የተነገረ ውጤት ሚስትን ከቤት ያስወጣል፤ ለአከራይ የደረሰ ወሬ ተከራይን ሜዳ ላይ ይጥላል።

በዓለም ደረጃ ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች ራሳቸው በውሳኔ ላይ ይሳተፉ የሚለው መርህ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 1994 በፓሪስ በተደረገው የ42 አገሮች ጉባኤ ተፈረመ። እኛ ዘንድ ፊርማውን ሥጋ ያለበሱት ፊታቸውን ለሕዝብ ያሳዩ ሰዎች ናቸው። መቅድምና ተስፋ ጎህ የተባሉት ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ ተቋቋሙ፤ ኋላ በየክልሉ የተነሡት ማኅበራት ኔፕ ፕላስ በተባለው ጥምረት ተሰባሰቡ። መንግሥት በነሐሴ 1990 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ኤድስ ፖሊሲ አወጣ። የግሎባል ፈንድ ገንዘብ ሲመጣም ማመልከቻውን በሚያዘጋጀው አገር አቀፍ አስተባባሪ አካል ውስጥ ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ሰዎች ወኪል እንዲኖራቸው ሆነ። በአገራችን የሕክምና ታሪክ ታማሚ ስለ በጀት በሚመከርበት ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጠበት ከዚህ የቀደመ ጊዜ አላውቅም።

ድሬ ዳዋ ውስጥ ነገሩ የተለወጠው መድረክ ላይ ብቻ አልነበረም፤ እድር ውስጥም ነው። የእድር ሥራ ቀብር ነበር። ድንኳን፣ ወንበር፣ የለቅሶ ምግብ፣ ለሟች ቤተሰብ ገንዘብ። በየሳምንቱ ቀብር ሲበዛ ካዝናው ተራቆተ፤ ያን ጊዜ በየአገሩ ያሉ እድሮች ለሞተ ከማውጣት ለታመመ ማውጣት ይሻላል የሚል ክርክር ገጠሙ። ደንባቸውን ያሻሻሉት ለሕመምተኛ ድጋፍ መመደብ፣ ቤት ለቤት አስታማሚ ማሠማራት ጀመሩ። ብሔር ሳይለዩ በሰፈር የሚሰባሰቡት የድሬ እድሮችና የሐረሪዎቹ አፎቻ ለዚህ የተዘጋጀ አውታር ነበሩ። ማን እንደታመመ፣ ማን አስታማሚ እንደሌለው፣ የትኛው ቤት በር እንደተዘጋ ከእድሩ ዳኛ የተሻለ የሚያውቅ ቢሮ አልነበረም።

በጥር 1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምር ድል ጮራም ቀድመው ሥራውን ከጀመሩት የመንግሥት ሆስፒታሎች መካከል ሆነ። መድኃኒቱ በየቀኑ፣ በሰዓቱ፣ ዕድሜ ልክ የሚዋጥ ነው። ሐኪሙ ማዘዝ ይችላል፤ የሚውጠው ግን ታማሚው ነው፣ የሚያስታውሰውም ቤተሰቡ። ስለዚህ ሆስፒታሎቹ የታማሚዎቹ እጅ አስፈለጋቸው። በድሬ ዳዋ፣ በሐረሪ፣ በሶማሌና በኦሮሚያ ሆስፒታሎችን ይደግፍ የነበረው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው አይካፕ መድኃኒቱን የጀመሩ ሰዎችን በአቻ አስተማሪነት አሠልጥኖ በየክሊኒኩ አሠማራ። ትናንት በቃሬዛ የገባ ሰው ዛሬ ከነርሷ ጎን ተቀምጦ አዲስ መጪውን "እኔም እንዳንተ ነበርኩ" ይለዋል። ቀጠሮ የቀረውን ሰው ሰፈሩ ድረስ ሄዶ ይፈልገዋል፤ ለምን እንደቀረም ይዞ ይመጣል። የባጃጅ ገንዘብ አጥቶ ነው፤ ባሏ እንዳያውቅ ክኒኑን ዱቄት ውስጥ ደብቃ ነው፤ ጾም ገብቶ ነው፤ ረመዷን ነው። ይህ ሁሉ በካርድ ላይ "ጠፍቷል" ተብሎ የሚጻፍ ሰው ታሪክ ነበር። የእናቶች ድጋፍ ቡድኖችም እንዲሁ ቫይረሱ ያለባትን ነፍሰ ጡር ቀድሞ ያለፈችበት እናት እንድታማክራት አደረጉ።

በታማሚና በጤና ተቋም መካከል የተሠራው ይህ ድልድይ ፖሊሲ እስከ መቀየር ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2017 ጤንነታቸው የተረጋጋ ታካሚዎች ወር በወር መመላለሱ ቀርቶ መድኃኒታቸውን የስድስት ወር እንዲወስዱ የሚያስችለው አሠራር ተጀመረ። ሰው እንዳያየው ከሰፈሩ ርቆ፣ ከሥራው አስፈቅዶ፣ ግማሽ ቀን ተሰልፎ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ራሱ ታካሚው ብቻ ነው በደንብ የሚያውቀው።

ወደ ኋላ ጥቂት ልመለስ። በ1996 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ በቻርተር አዋጅ ቁጥር 416 የራሷን አስተዳደር ስታገኝ የጤና ቢሮዋም በከተማዋ ምክር ቤት ሥር ሆነ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች መጀመሪያ በገጠር ቀበሌዎቿ፣ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በከተማው ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ። በመሃሉ፣ በሐምሌ 1998 ማለቂያ ላይ፣ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ወሰደ። ከውሃው የተረፉት በድንኳን ሲሰፍሩ በሽታ እንዳይነሣ የጠበቁት ከሐኪሙ ባልተናነሰ ወላጆችና የሰፈር ወጣቶች ነበሩ።

ከዚያ የማሻሻያ ዘመን መጣ። ሆስፒታሎች ገቢያቸውን ራሳቸው እንዲጠቀሙበት ተፈቀደና በምትኩ የሥራ አመራር ቦርድ ተቋቋመላቸው፤ ከአባላቱ መካከልም የኅብረተሰቡ ተወካዮች እንዲኖሩ ተደረገ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ስለ ታካሚ መብትና ቅሬታ ደነገገ። ታካሚዎችን ስለ ቆይታቸው የሚጠይቅ ወጥ መጠይቅ ተዘጋጅቶ ውጤቱ የሆስፒታል መመዘኛ ሆነ፤ በ2004 ዓ.ም. የተመሠረተው የሆስፒታሎች የጥራት ጥምረትም የመጀመሪያ ትኩረቱን የታካሚ እርካታ አደረገ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299 ደግሞ ባለሙያ ታካሚው ተረድቶ ሳይፈቅድ ሕክምና እንዳይሰጥ ደነገገ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ቆይቶ ድሬ ዳዋም ሲደርስ፣ የሚከፍለው አባል በጉባኤው ላይ አገልግሎቱን የመጠየቅ መብት ይዞ መጣ።

እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው። ግን በቦርድ ላይ የሚቀመጠው የኅብረተሰብ ተወካይ ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ነጋዴ፣ የተከበሩ ሽማግሌ ወይም የአስተዳደሩ ሰው ነው። ካርድ ክፍል ከንጋት ጀምሮ ተሰልፎ የማያውቅ ሰው የካርድ ክፍልን ችግር አጀንዳ አያደርገውም። አስተያየት መስጫ ሳጥኑም ማንበብና መጻፍ ለሚችል፣ ያውም ሕመሙ ቀለል ላለው ሰው ነው። አስታማሚ ግን በየሌሊቱ ኮሪደር ላይ አንሶላ አንጥፎ ያድራል። መድኃኒት ከሆስፒታሉ ሲጠፋ በከዚራና በመጋላ ሰፈሮች ፋርማሲ ለፋርማሲ የሚዞረው፣ ናሙና ይዞ ላብራቶሪ የሚሮጠው፣ ደም ሲያስፈልግ የሚለግሰው ወይም ለጋሽ የሚለምነው እሱ ነው። ሆስፒታሉ ያለ አስታማሚ አንድ ቀን አይውልም። ይህን ሰው ሰብስቦ "ምን ይሻሻል?" ብሎ መጠየቅ ምንም በጀት አይፈልግም።

ቤተሰብ ከአልጋው ዳር ተነሥቶ እስከ ሕግ ማውጣት ሲደርስ ምን እንደሚሆን ያሳዩን ወንዱ በቀለና አምሳለ በየነ ናቸው። ሕፃን ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ያጡት እነዚህ ወላጆች እ.ኤ.አ. በ2004 በልጃቸው ስም የካንሰር ሶሳይቲ አቋቋሙ። ሶሳይቲው ለታማሚዎች ማረፊያና መድኃኒት ከመፈለግ አልፎ በትምባሆ ቁጥጥር ላይ ዓመታት ተሟገተ። በ2011 ዓ.ም. በጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ የሚሰበሰብባቸው ስፍራዎች ከጭስ ነጻ እንዲሆኑ፣ በሲጋራ ፓኮ ላይም ሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ እንዲወጣ ሲወሰን የእነሱ ድካም ፍሬ አለበት። ለድሬ ዳዋ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። ጫትና ሲጋራ የማይለያዩባት፣ የካንሰር ታማሚዋ ለጨረር ሕክምና ለብዙ ዘመን ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጥቁር አንበሳ ደጃፍ ወረፋ የጠበቀባት ከተማ ናት። ቤት ተሽጦ ይሂድ ወይስ ይቅር የሚለውን የሚወስነው ቤተሰብ ነው፤ የሚወስነውም ብዙ ጊዜ የመዳን ተስፋው ምን ያህል እንደሆነ በቅጡ ሳይነገረው ነው።

ባለፉት ዓመታት ድሬ ዳዋን የፈተናት ግን ትንኝ ነው። በመስከረም 2006 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው የደንጊ ወረርሽኝ በከተማዋ ተነሣና ከ10 ሺህ በላይ ሰዎችን ያዘ። በክረምት 2011 ዓ.ም. ደግሞ ቺኩንጉንያ መጣ፤ በጥቂት ወራት ከ40 ሺህ በላይ ሰዎች ታመሙ። መገጣጠሚያ እየያዘ የሚያስጎነብስ በሽታ ስለሆነ በአንድ ግቢ አስታማሚና ታማሚ የሚለይበት ጊዜ ጠፋ። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ኤዲስ ኢጅፕታይ ቀን ቀን የምትነድፍ፣ በንጹሕ የተጠራቀመ ውሃ የምትራባ ትንኝ ናት። የጤና ባለሙያዎች ቤት ለቤት እየዞሩ በርሜልና ባልዲ አስደፉ፣ ኬሚካል ረጩ። የቤት እመቤቶች መልስ ግን ግልጽ ነበር። ውሃው በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ከደፋነው ምን እንጠጣ? ይህ እምቢታ አይደለም፤ ከየትኛውም ጥናት ያላነሰ መረጃ ነው። የትንኟ ጉዳይ የጤና ቢሮ ብቻ ሳይሆን የውሃ መሥሪያ ቤትም ጉዳይ መሆኑን የተናገሩት እነሱ ናቸው።

ያ መልስ በሚገባው መጠን አልተሰማም። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባ ከጅቡቲ የተመለሱ ዜጎች በድሬ ዳዋ ዩኒቨርሲቲ ማቆያ ውለው አደሩ፤ የከተማዋ ዓይን ሁሉ ወደዚያ ዞረ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ወባ መጣ። በ2019 እ.ኤ.አ. 205 የወባ ታማሚዎች ብቻ የተመዘገቡባት ከተማ ከጥር እስከ ግንቦት 2022 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ 2,425 ታማሚዎችን ቆጠረች። ዶክተር ፍጹም ታደሰና የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ባልደረቦቻቸው ተጠያቂዋ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች ከእስያ የመጣች ትንኝ መሆኗን አሳዩ። ጥናቱ የተሠራው ታማሚውን ተከትሎ ቤቱና የተማሪዎች መኝታ ክፍል ድረስ በመሄድ፣ አብረውት የሚኖሩትን በመመርመርና የውሃ ማጠራቀሚያቸውን በማየት ነው። ያቺም ትንኝ የምትራባው ሰው በሚያጠራቅመው ውሃ ውስጥ ነው። ከዓመታት በፊት እናቶቹ በርሜላቸው አጠገብ ቆመው የተናገሩት፣ በሳይንስ መጽሔት ተረጋግጦ ተመለሰ።

በ2017 ዓ.ም. ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቀረበው የጤና አገልግሎት አስተዳደርና ቁጥጥር ሕግ የመዳን ተስፋ በሌለው ታማሚ ላይ ሕይወት ማቆያ መሣሪያ ስለሚቋረጥበት ሁኔታና ስለ ቤተሰብ ፈቃድ አንሥቶ ብዙ አከራከረ። ክርክሩ መኖሩ በራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ እንዲህ ያለው ጉዳይ ቀድሞ በኮሪደር የሚያልቅ ነበርና። ለድሬ ዳዋ ግን ከክርክሩ በፊት የሚቀድም ሥራ አለ፦ የስምምነት ቅጹን ታማሚው በሚሰማው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም በሶማሊኛም፣ የሚያስረዳ የሠለጠነ ሰው መመደብ። ልጅን ከአስተርጓሚነት ማሳረፍ።

ዛሬ በድል ጮራና በሳቢያን ሆስፒታሎች ደጅ የሚበዛው የስኳር፣ የደም ግፊትና የኩላሊት ታማሚ ነው። መድኃኒቱ እንደ ፀረ ኤች አይ ቪው ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ነው፤ ታማሚው ግን አሁንም በየወሩ ወይም በየሁለት ሦስት ወሩ ተሰልፎ ነው ማዘዣውን የሚያሳድሰው። ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው የስድስት ወሩን ሲወስድ እሱ ለምን አልወሰደም ብሎ የሚጠይቅለት የራሱ ጠንካራ ማኅበር፣ ከነርሷ ጎን የሚቀመጥ የራሱ ሰው በድሬ ዳዋ ገና የለውም። የድሬ እድሮች በዘጠናዎቹ ደንባቸውን ሲያሻሽሉ እንዳደረጉት አሁንም መነሣት ይችላሉ፤ በየሰፈሩ የስኳር ታማሚዎቻቸውን ስም ከእነሱ በተሻለ የያዘ መዝገብ የለም።